የነጅዋ ወንፈል

ነጅዋን የተዋወቅኳት የማያገባኝን ነገር ስጠይቃት ነው። አመልማል እባላለሁ፤ ከሚሴ ውስጥ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ መዝገብ ቤት፣ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። የተዘጋ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ባለቤቴ ዋለ «አንቺ ቢፈቀድልሽ የመንገደኛውን ዘንቢል ሁሉ ከፍተሽ ታዪ ነበር» ይለኛል። ውሸቱን አይደለም።

የነጅዋ ሱቅ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት፣ ከባጃጅ መቆሚያው ጎን ነው። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ በአራቱ ኮምፒውተሮቿ ተማሪ ታስተምራለች። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ገና ልጅ ሳለች አለፈ። እናቷ ሀዲጃ ገበያ ላይ ጨርቅ እየሸጠች ኮምቦልቻ ኮሌጅ አስተማረቻት። ተመርቃ ብትመጣ ሥራ የለም። እናትየው ከጣቃ ጨርቆቿ ግማሹን አውጥታ ሸጠችና የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ገዛችላት። ያኔ ከተማው «ሀዲጃ አበደች» ብሎ ነበር። አሁን ነጅዋ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ረጋ ያለች፣ ሳቋ የማይሰማ፣ ዓይኗ ግን የሚስቅ ሴት ናት።

ስለ እሷ አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ ብባል የማመልከቻ አጻጻፏን እናገራለሁ። ባለጉዳይ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ሲጨርስ ዝም ብላ ታዳምጣለች። ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ቶሎ አትሰጥም፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች። «እንደዚህ አላልኩም» ካላት ትቀደዋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። እኛ ቢሮ ከሚገባው ማመልከቻ የእሷን ሳላየው እለየዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ሰውየው ራሱ ፊቴ ቆሞ የሚናገር ነው የሚመስለው። እንግዲህ ለቃል እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት በአንዲት ቃል ትሳሳታለች ብሎ ማን ያስባል?

አንድ ቀን ወረቀት ላባዛ ገባሁ። እሷ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። ሰው ባልተቀመጠባቸው በሦስቱ ላይ ግን አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ የሆነ ነገር ይጥመለመላል። ከታቹ ቁጥር አለ፤ አርባ አንድ ከመቶ ይላል።

«ምንድን ነው ይሄ ትል?» አልኳት።

«ትል አይደለም እትዬ አመልማል። ፕሮቲን ነው።»

«ባቄላ ውስጥ ያለው?»

ዓይኗ ሳቀ። «ባቄላ ውስጥም አለ። እኛ ሰውነት ውስጥ ግን ብዙ ሺህ ዓይነት አለ። መጀመሪያ ሲፈጠር እንደ ክር ረጅም ነው። ከዚያ ራሱን በራሱ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚሠራው በቅርጹ ነው። አስተጣጠፉ ከተበላሸ አንዳንድ በሽታ ከዚያ ይመጣል ይላሉ።»

«እና ያንቺን ኮምፒውተር ምን አገባው?»

ይሄኔ ነጅዋ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። የኮሮና ጊዜ ቢሮ ሁሉ ሲዘጋ ሥራ ፈትታ ኢንተርኔት ላይ ስትዞር አገኘችው። ውጭ አገር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕሮቲን እንዴት እንደሚታጠፍ በሂሳብ ያጠናሉ። ሂሳቡ ለአንድ ማሽን የብዙ መቶ ዓመት ሥራ ነው። ስለዚህ ቆራርጠው፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ለፈታ ፈቃደኛ ሁሉ በያለበት ይልካሉ። የነጅዋ ማሽኖች ኔትወርክ ሲኖር ቁራጩን ይቀበላሉ፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራቸውን አያቋርጡም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሲጨርሱ ውጤቱን ይመልሱና ሌላ ቁራጭ ይወስዳሉ። የእሷን ሥራ የሚሠራ ሰው ሲመጣ ደግሞ ቦታውን ይለቃሉ።

«ስንት ይከፍሉሻል?»

«ምንም።»

«እና ምን ሆነሽ ነው?»

ትንሽ አሰበች። «ሥራ የፈታ ማሽን ሳይ ያመኛል። ደግሞም...» አለች፤ «ወንፈል በይው። አንዱ ለብቻው የማይጨርሰውን አረም ሰፈሩ ተጠራርቶ አይደል የሚጨርሰው?»

ቃሉ ጣመኝ። ነገሩ ሁሉ በአንዴ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። በማግስቱ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «የነጅዋ ማሽኖች ከፈረንጅ ጋር ወንፈል ገብተዋል» እያልኩ አወራሁ። ስለዚህ በኋላ ለመጣው ጣጣ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ምላስ አለበት።

ጋሽ ጀይሉ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የጨፋ ገበሬ ናቸው፤ ቁመታቸው ረዘም፣ ጺማቸው ነጭ፣ ሽርጣቸው ሁልጊዜ ንጹሕ። የሐኪም ወረቀት ኮፒ ሊያስነሱ ነው የገቡት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሌላ የት እሆናለሁ?

«አካም ጅርቱ!» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ሳይጨርሱ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ። «ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው?»

ነጅዋ አስረዳቻቸው። ክሩን፣ እጥፋቱን፣ በሽታውን። ግንባራቸው ሲኮማተር አየችና ወገባቸውን አመለከተች።

«ይኸው ሽርጥዎ አባቴ። ቀበቶ የለው፣ ቁልፍ የለው። የሚይዘው አስተጣጠፉ ነው። አስተጣጠፉ ቢሳሳትስ?»

«ገበያ መሃል ጉድ ይፈላል!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። «የማንን በሽታ ነው የሚሠሩት?»

ነጅዋ ዝርዝሩን ከስክሪኑ ላይ እየተረጎመች አነበበችላቸው። ካንሰር አለ፣ የመርሳት በሽታ አለ፣ ፓርኪንሰን አለ። እዚህ ላይ ጋሽ ጀይሉ ኮፒ የተነሳውን ወረቀት ዘርግተው ሰጧት። ደሴ ያለ ሐኪም የጻፈው ነው። የሚስታቸው የእትዬ መሪየም ነው፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ አራት ዓመት ሆኗል። በበሽታው ስም ቦታ የተጻፈው ያው ፓርኪንሰን ነው።

«እነዚህ ሰዎች ይሄንንም ይሠራሉ?»

«ይሠራሉ።»

«ዱጋ? እውነት? እና በምን ሂሳብ ነው ነገሩ?»

ነጅዋ ያንኑ ለእኔ ያለችኝን አለች። «ወንፈል ነው አባቴ።»

ከተማ ተወልዶ ላደገ ሰው ወንፈል ማለት ተባብሮ መሥራት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ለጨፋ ገበሬ ግን ሕግ ነው። ዛሬ እኔ ከነበሬዬ ያንተ ማሳ ላይ ውዬ ከሆነ፣ ነገ አንተ ከነበሬህ የእኔ ማሳ ላይ ትውላለህ። ያለ መልስ የሚሠራ ሌላ ነው፤ እሱ ደቦ ይባላል፤ አብልተህ አጠጥተህ ትሸኛለህ እንጂ ብድር የለበትም። ወንፈል ገብቶ ያልመለሰ ሰው ግን በሰፈሩ ስሙ አይጠራም። ይህንን ነጅዋም እኔም ሳናውቀው ቀርተን አይደለም፤ አላሰብነውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋሽ ጀይሉ በአበባማ ጨርቅ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ልጃቸው ዓፊያ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የገዙላት ነው። ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ብትፈልግ አጣች፤ ሪያድ ሄደች። ላፕቶፑ ሣጥን ውስጥ ቀረ።

«ከቤታችን የሚላክ እሱ ነው» አሉ፤ «አስገቢው።»

ነጅዋ ደስ አላት። እሷ ያየችው አንድ ተጨማሪ ማሽን ነው። ጠራርጋ፣ ፕሮግራሙን ጭና፣ ከሦስቱ ጎን አሰለፈችው። ጋሽ ጀይሉ ከዚያ ወዲህ ገበያ በመጡ ቁጥር ከተፍ ይላሉ። በርጩማ ስበው ቁጥሩን ይመለከታሉ። ሰባ ስድስት ሲል «በርታ» ይሉታል፣ በሬ እንደሚያበረቱ። አንድ ቁራጭ አልቆ ሲላክ «አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ቀን ዋለ» ይላሉ። እኔም ከጎናቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ እውነቱን ልናገርና የዚያን የሚጥመለመል ነገር ጠባይ ማወቅ ሱስ ሆኖብኝ ነበር። ለምን ወደ ግራ ታጠፈ? ለምን ተመልሶ ተፈታ? ነጅዋ የምታውቀውን ትነግረናለች፤ የማታውቀውን «አላውቅም» ትለናለች። ሰውነቴ ውስጥ እኔ ሳላዘው ይህን ሁሉ ሲያጥፍና ሲጠቀልል የሚውል ነገር መኖሩ ያስገርመኝ ነበር።

ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን እግረ መንገዴን ጋሽ ጀይሉን ጠየቅኳቸው። «እትዬ መሪየም እንዴት ናቸው? ደሴ ሄዳችሁ?»

«ቀረን» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

«ቀጠሮ አልነበራችሁም እንዴ?»

«ነበረን። መንገዱ ይጎዳታል፣ መኪና ላይ አጥንቷ ይላላል። ኪኒኑም ካለቀ አሥራ አምስት ቀን ሆነው። ተራው እየደረሰ ምን ያንገላታታል? የሰው ማሳ ላይ ውለናል፤ አሁን እነሱ ወደ እኛ ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ።»

የነጅዋ ጣቶች ፊደሎቹ ላይ ቀጥ አሉ። አየኋት፤ አየችኝ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን፤ ሰውየው ፈረንጆቹ መድኃኒት ይዘው ይመጣሉ ብለው ነው የሚጠብቁት። እሳቸው ሲወጡ «ምን አደረግኩ?» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

የዚያኑ ዕለት ለተመራማሪዎቹ ጻፈች። መዝገበ ቃላት እያገላበጠች በእንግሊዝኛ፤ የአንድ ቤት ላፕቶፕ ሦስት ወር ሠርቷል፣ የቤቱ እናት ፓርኪንሰን አለባቸው፣ ለእሳቸው የሚመጣው መቼ ነው? ብላ። ኔትወርክ ጠፍቶ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው መልስ መጣ። ነጅዋ በአማርኛ ጽፋ ሰጠችኝ፤ እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መልሱ ትሕትና ነበረው። የምናደርገው ጥናት ነው፣ መድኃኒት አንሠራም ይላል። ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እናያለን፣ ያየነውን ለሁሉም በነፃ እናወጣለን፤ ከዚያ ሌሎች መድኃኒት ሊሠሩበት ይችሉ ይሆናል፣ ላይችሉም ይችላሉ፤ ቢችሉም ብዙ ዓመት ነው። የመጨረሻው መስመር «እባካችሁ የእናታችሁን ሕክምና አታቋርጡ» ይል ነበር።

«ስልክ ደውለሽ ንገሪያቸው» አልኳት።

«በስልክ አይሆንም። ቃሉን የሰጠሁት ፊት ለፊት ነው።»

እሑድ ሱቋን ዘጋችና ላፕቶፑን በዚያው አበባማ ጨርቅ ጠቅልላ በሚኒባስ ወደ ጨፋ ሮቢት ሄድን። «እኔስ ለምን እሄዳለሁ?» ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። አፌ ስላለበት ነው። ያም ሆኖ ዓይኔን በጨው አጥቤ አልዋሽም፤ ምን እንደሚሆን ለማየትም ጓጉቻለሁ። ከሮቢት በባጃጅ፣ ከዚያ በቦይ ዳር በእግር ሄድን።

ጋሽ ጀይሉ በር ላይ ተቀበሉን። «መጡ ማለት ነው!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። ላፕቶፑን አይተው ተራው የደረሰ መስሏቸዋል።

እትዬ መሪየም ከፍራሹ ላይ ደገፍ ብለው ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ቆንጆ ሴት ናቸው። እጆቻቸውን ሻርፓቸው ሥር ደብቀው ነው የሳሙን፤ ሻርፑ ግን ከሥሩ ይንቀጠቀጣል። ዓፊያ ከሄደች ወዲህ ሻይ የሚያፈሉት ጋሽ ጀይሉ ናቸው። ለሁላችንም ቀዱ። የእትዬ መሪየም ብርጭቆ ፊታቸው ተቀመጠ፤ አልነኩትም። ሰው ፊት እንደማይጠጡ ገባኝ።

ነጅዋ ብርጭቆዋን ወደ ጎን አድርጋ ደብዳቤውን አወጣች። «አንብቤ ልንገራችሁ» አለች። መጀመሪያ በአማርኛ አነበበችው፤ ከዚያ አንዱም እንዳይቀር በኦሮምኛ ደገመችው።

«ወንፈል ብለሽኝ ነበር» አሉ ጋሽ ጀይሉ።

«ብያለሁ አባቴ። ተሳስቻለሁ። የሚመልስ የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ወንፈል ብለሽኛል!» ብድግ አሉ። «ከገበያ ስገባ በየሳምንቱ ለእሷ ምን እንደምላት ታውቂያለሽ? ‹ቀርቧል› ነው የምላት። ‹ትንሽ ቆይ፣ ቀርቧል።› አሁን ምን ልበላት? ንገሪኝ፣ ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ልበላት?»

ነጅዋ አንገቷን ደፋች።

«ተቀመጥ» አሉ እትዬ መሪየም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «አምኜህ መስሎህ ነው?»

ዞሩ ጋሽ ጀይሉ።

«ደሴ አንተ መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ ሐኪሙ ለእኔ ነግሮኛል። ‹ይቀንስልሻል እንጂ አይለቅሽም› ብሎኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«አውቀሽ ነው ከቀጠሮው የቀረሽው? ኪኒኑ ሲያልቅ ዝም ያልሽው?»

የእትዬ መሪየም እጆች ሻርፑ ሥር ሲታገሉ ይታያል። «ዓፊያ ከሄደች ወዲህ አንተ ቤት ስትገባ ሰው ሞቶበት እንደመጣ ነበር የምትገባው። ያቺን ላፕቶፕ ከወሰድክ በኋላ ግን ገና ከአጥሩ ድምፅህ ይሰማኝ ጀመር። ‹ሰባ ገብቷል መሪየም፣ ሰማንያ ገብቷል› እያልክ። ኪኒን ከምውጥ ያንን ብሰማ ተሻለኝ።»

እኔ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ነጅዋም አለቀሰች። ጋሽ ጀይሉ ግን ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ከሚስታቸው አጠገብ ፍራሹ ላይ ቁጭ አሉና መሬት መሬት አዩ። ውጭ አንድ ሰው ከብት እየነዳ አለፈ።

ነጅዋ እንባዋን ጠርጋ ላፕቶፑን ከጨርቁ አወጣችና ፊታቸው አስቀመጠች። «ይኸው ንብረታችሁ» አለች። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ጋሽ ጀይሉ አዩት። «እጁ ላይ ያለውን ጨርሷል?»

«አልጨረሰም። ስልሳ ሦስት ላይ ነው። ነቅዬው ነው የመጣሁት።»

«የማን ነው?»

«የካንሰር ነው። የሕፃናት።»

ቀና አሉ። ያ በር ላይ ያየሁት ብርሃን ፊታቸው ላይ የለም፤ ቁጣቸው ግን ተመልሷል፣ የሌላ ዓይነት ቁጣ። «እና ምን ብለሽ ነቀልሽው? የሰው ማሳ ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ጥሎ ይወጣል? መመለሱን ቢተዉ የእነሱ ነውር ነው፤ ይሄኛው ግን የእኛ ነውር ነው። ይዘሽው ተመለሺ። ይጨርስ። ሲጨርስ ሌላ ስጪው።»

«ቶሌ አባቴ፣ እሺ» አለች ነጅዋ፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም።

«የደሴ መኪና በስንት ሰዓት ይነሳል ከሮቢት?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እንደሚጀምር ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የእትዬ መሪየምን ብርጭቆ አነሱ። እትዬ መሪየም ወደ እኛ አይተው ፊታቸውን ሊያዞሩ ነበር። ጋሽ ጀይሉ በአንድ እጃቸው ጀርባቸውን ደገፉ፣ በሌላው ብርጭቆውን አፋቸው ላይ ያዙላቸው።

«በይ ጠጪ» አሉ። «ነገ መንገድ አለብሽ።»